ሲነኩት የሚመልስ ረቂቅ፦ የብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ ከአንድ ፕሮቶታይፕ እንዴት ተነሣ

በ2011 ሜይ ወር የብሪታንያ መንግሥት አንድ ድረ ገጽ ለሕዝብ ከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ አልፋ ጎቭ ዩኬ ነበር፤ አልፋ የሚባለው የመጀመሪያው የሙከራ ደረጃ ነው። መነሻ ገጹ መሐል ላይ ትልቅ የመፈለጊያ ሳጥን ተቀምጧል። ሰው የሚፈልገውን ይጽፋል፤ መልስ ይመጣለታል። ማስፈንጠሪያዎቹ ይከፈታሉ፣ ገጾቹ ይሠራሉ። ሆኖም ይህ ድረ ገጽ የየትኛውም መሥሪያ ቤት መደበኛ አገልግሎት አልነበረም። ሙከራ መሆኑን በግልጽ ጽፎ የወጣ ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም ሲነኩት የሚሠራ ረቂቅ ነበር። የተሠራው በ12 ሳምንት ሲሆን የፈጀው ገንዘብ 261 ሺህ ፓውንድ ነው።

ድረ ገጽ መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። በሙያችን የተለመደው አካሄድ ሌላ ነው። ዲዛይነሩ መነሻ ገጹን በሥዕል ሠርቶ ያቀርባል። ሥዕሉ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል። ኃላፊዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው አርማው ከፍ ይበል፣ ሰማያዊው ደመቅ ይበል ይላሉ። ይፈረማል። ፕሮግራመሮች ወራት ይሠራሉ። ድረ ገጹን ሊጠቀምበት የታሰበው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ከተመረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚገኘው ስሕተት ገንዘቡ ያለቀበት፣ ውሉ የተዘጋበት ስሕተት ነው።

ሥዕል ማንንም አይከራከርም። ቁልፉን ቢጫኑት ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱን ደግሞ ማንም አያስተውልም፤ ምክንያቱም ስብሰባው ላይ ቁልፉን የሚጫን ሰው የለም። ሲነኩት የሚሠራ ፕሮቶታይፕ ግን ወዲያው ጥያቄ ያነሣል። ተጠቃሚው ባዶ ቢተወውስ? ተሳስቶ ወደ ኋላ ቢመለስስ? የጻፈው ይጠፋል ወይስ ይቆየዋል?

ከመነሻው

ብሪታንያ በዚያን ጊዜ ድረ ገጽ አጥታ አልነበረም፤ በዝቶባት ነበር። ለዜጎች ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ ዳይሬክትጎቭ የሚባል ነበራት። ለነጋዴዎች ቢዝነስ ሊንክ ነበር። ከነዚህ ሌላ ሚኒስቴሮቹና በሥራቸው ያሉት ተቋማት የየራሳቸውን ከፍተው፣ የመንግሥት ድረ ገጾች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው ነበር። አንድ ሰው መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ ጉዳዩ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት የሚያስሄደው ያው መንገድ በኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ነበር።

በ2010 መገባደጃ ላይ የጉዞ መሸጫ ድረ ገጽ ከሆነው ከላስትሚኒት ዶት ኮም መሥራቾች አንዷ የሆኑት ማርታ ሌን ፎክስ ለካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሚኒስትሩ ለፍራንሲስ ሞድ አጭር ሪፖርት አቀረቡ። የሪፖርቱ ርእስ ራሱ ቀስ በቀስ መሻሻልን ትቶ አብዮትን የሚጠራ ነበር። መንግሥት አንድ አድራሻ ይኑረው፤ ሰዎች በኢንተርኔት ከመንግሥት ጋር የሚገናኙበትን ሁኔታ በሙሉ ሥልጣን የሚመራ አንድ ማዕከላዊ ቡድን ይቋቋም የሚል ነው ምክሩ።

እንዲህ ያለ ምክር ሲቀርብ የሚከተለው አብዛኛውን ጊዜ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው የፍላጎት ሰነድ ያዘጋጃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዓመት ያልፋል። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። በቶም ሉዝሞር የሚመራ አነስተኛ ቡድን ተሰባሰበ። ዲዛይነሩ፣ ፕሮግራመሩና ጽሑፍ አዘጋጁ አብረው እየሠሩ፣ አንድ ወጥ የመንግሥት ድረ ገጽ ምን ሊመስል እንደሚችል በወሬ ሳይሆን በሚነካ ነገር እንዲያሳዩ ተነገራቸው። ሁለተኛም ዓላማ ነበራቸው፤ መንግሥት ውስጥ በዚህ ዓይነት አሠራር መሥራት ይቻል እንደሆነ መፈተሽ። በእኔ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አያንስም። ፕሮቶታይፑ የተፈተነው በተጠቃሚው ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም በፕሮቶታይፑ ተፈትኗል።

መልሱን ማስቀደም

ቡድኑ የተነሣው መሥሪያ ቤቶች መናገር ከሚፈልጉት ሳይሆን ሰዎች ከሚፈልጉት ነው። የመፈለጊያ ሳጥኑ መሐል ላይ ጎልቶ የተቀመጠውም ለዚህ ነው፤ ሰው ወደ መንግሥት ገጽ የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ነውና፣ አብዛኛውም መጀመሪያ ጉግል ላይ ፈልጎ ነው።

የአሠራሩን መልክ በአንድ ገጽ ላሳይ፤ የበዓላት ቀናት የሚታዩበት ገጽ ነው። ብሪታንያውያን ባንክ ሆሊዴይ የሚሏቸው ሥራ የሚዘጋባቸው ቀናት አሏቸው። ቀናቱ በእንግሊዝና ዌልስ አንድ ዓይነት፣ በስኮትላንድ ሌላ፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ሌላ ናቸው። በ2011 ኤፕሪል 29 የልዑል ዊሊያም ሠርግ ስለነበር ተጨማሪ በዓል ሆኖ ውሏል። ስለዚህ ሁሉ ታሪኩንና ሕጉን እየጠቀሱ ብዙ መጻፍ ይቻላል። ገጹን የሚከፍተው ሰው ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው በዓል መቼ ነው? ከአልፋው በኋላ በወጣው መደበኛ ድረ ገጽ፣ በጎቭ ዩኬ ላይ ያ ቀን ከሁሉ በላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይታያል። የዓመቱ ዝርዝር ከታች ይከተላል። ሌላ የለም። በዓሉ በዋለ ዕለት ገጹ ላይ ሰዎች ለድግስ የሚሰቅሉት ዓይነት ባለ ቀለም ጌጥ ይወጣል።

ይህን ገጽ በሥዕል ሠርተን ብናጸድቀው ምን ይጎድለዋል? በሥዕል ላይ ቀኑ አይለወጥም። ዲዛይነሩ አንድ ቀን መርጦ ይጽፋል፣ ያምራል፣ ይጸድቃል። ገጹ በእውነት እንዲሠራ ሲደረግ ግን ጥያቄው ይዘንባል። ዛሬ ራሱ በዓል ከሆነ ምን እንጻፍ? በዓሉ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሲውል የሚተካው ሰኞ እንዴት ይታይ? የስኮትላንዱ ሰው ገጹን ሲከፍት የማንን ቀን በቅድሚያ ይይ? እነዚህ የጌጥ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ዲዛይን የሚባለው ሥራ ራሱ እነዚህን መመለስ ነው። የሚሠራ ነገር እጅ ላይ ከሌለ ግን አንዱም አይነሣም።

ሌላው ስልት በጥያቄና መልስ የሚመሩት ገጾች ናቸው። ወላጅ ልትሆን ያለች ሠራተኛ የወሊድ ክፍያዋን ለማወቅ ረጅም ደንብ አንብባ ራሷን እንድትፈልግ አትገደድም። ገጹ አንድ ጥያቄ ይጠይቃታል፤ ትመልሳለች፤ በመልሷ መሠረት ቀጣዩ ይመጣል። ከእኛ አገር ሆኖ ወደ ብሪታንያ ለመሄድ ያሰበ ሰውም ይህን አሠራር ሳያገኘው አይቀርም። ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ የሚያጣራው ገጽ በመጀመሪያ የየትኛው አገር ፓስፖርት እንደያዙ ይጠይቃል፤ ከዝርዝሩ ኢትዮጵያን ሲመርጡ ቀጥሎ ለምን እንደሚሄዱ ይጠይቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ለእርስዎ ጉዳይ የሚሆነው ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ በሥዕል ማጽደቅ ጨርሶ የሚቻል አይመስለኝም። አንድ ሰው የሚሄድበት መንገድ ከሌላው ስለሚለይ፣ ትክክል መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ሰውን በመንገዱ ላይ አስኪዶ በማየት ነው።

የጎደለው

አልፋው በወጣ ጊዜ ምስጋና ብቻ አልመጣም፤ ቁጣም መጣ። ቡድኑ በአጭር ጊዜ ለመድረስ ሲል ድረ ገጹን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የማድረጉን ሥራ ከፕሮቶታይፑ ውጭ አድርጎት ነበር። ይህንንም አልደበቀውም። ሙከራ ነውና፣ እውነተኛው ሲሠራ ይሟላል የሚል ሐሳብ ነበረው።

ማየት የተሳነው ሰው ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው ድረ ገጽ የሚጠቀመው። እጁ የማይታዘዝለት ሰው ያለ ማውዝ፣ በኪቦርድ ብቻ ነው የሚሄደው። የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ በ2010 ጸድቆ አገልግሎት ሰጪዎች ለእነዚህ ሰዎች ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድድ ነበር። ሕግ ቀርቶ፣ የዜጎችን ፍላጎት ማስቀደም ብሎ የተነሣ ሥራ ከዜጎቹ ከፊሉን በር ላይ አስቀርቶ መጀመሩ ያሳዝናል። ተቺዎቹም ያሉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

እኔ ነገሩን የማየው ከሙያው በኩልም ነው። ፕሮቶታይፕ የሚያስተምረው ስለነኩት ሰዎች ብቻ ነው። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ሊነኩት ካልቻሉ፣ በ12ቱ ሳምንታት ከተሰበሰበው ትምህርት ውስጥ ስለ እነርሱ የተገኘ የለም። በኋላ ይሟላል ሲባል የሚታሰበው ተጨማሪ ሥራ ነው፤ የገጹ አደረጃጀት፣ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል፣ የቁልፎቹ ስም ግን በሚያዩ ሰዎች ብቻ ተፈትኖ ቅርጽ ይዟል። አንድ ቤት መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው ከቆመ በኋላ በሩን በሌላ በኩል እናድርገው እንደ ማለት ነው።

ለቡድኑ የምመሰክርለት ነገር አለ። ትችቱን ሰማ። ቀጣዩ ደረጃ ከመጀመሪያው ተደራሽ ሆኖ እንዲሠራ ወሰነ። ይህም የሆነው ሥራው ገና ረቂቅ ሳለ አደባባይ ስለወጣ ነው። ተቺዎቹ ያለቀ ድረ ገጽ ቢያጋጥማቸው ኖሮ ጩኸታቸው ፍርድ ቤት ይደርስ ይሆናል እንጂ ኮዱን በሳምንታት ውስጥ አይለውጠውም ነበር።

ከአልፋ በኋላ

በዚያው በ2011 የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ከጋርዲያን ጋዜጣ የመጡት ማይክ ብራከን እንዲመሩት ተሾሙ። ቤታ የተባለው ሁለተኛው የሙከራ ደረጃ በ2012 መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ተከፈተ። ኦክቶበር 17 ቀን 2012 ጎቭ ዩኬ ዳይሬክትጎቭንና ቢዝነስ ሊንክን ተክቶ ሥራ ጀመረ። ከዚያ የሚኒስቴሮቹ ድረ ገጾች ተራ በተራ ተጠቃለሉበት።

በመንገዱ ላይ የተለወጠውን ማየት ይጠቅማል። አልፋው ላይ ንጉሥ የነበረው የመፈለጊያ ሳጥን በተመረቀው ድረ ገጽ ላይ ብቻውን አልቀረም፤ መነሻ ገጹ ጉዳዮችን በየዘርፋቸው የሚያሳይ ዝርዝርም ይዞ ወጣ። ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ የሚፈልገውን ነገር ስም የማያውቅ፣ ዐይቶ የሚመርጥ ሰውም አለ። ፊደሉ ኒው ትራንስፖርት የሚባለው ሆነ፤ መነሻው ማርጋሬት ካልቨርትና ጆክ ኪነር ለብሪታንያ የመንገድ ምልክቶች የነደፉት ፊደል ነው። የዲዛይን ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ቤን ቴሬት ነበሩ። በ2013 የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም ጎቭ ዩኬን የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ብሎ ሸለመው። ጌጥ የሌለው፣ ነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ የመንግሥት ድረ ገጽ ነው የተሸለመው። ሰው ፊት በተደጋጋሚ ሲፈተን ጌጡ ረግፎ የቀረው እርሱ ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን በአሜሪካ የጤና መድን መግዣው ሄልዝኬር ጎቭ ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ዕለት ምዝገባውን እስከ መጨረሻው የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሥራ ተቋራጮቹ በኋላ ለምክር ቤት በሰጡት ቃል ሥርዓቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መፈተን የጀመረው ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው እንደነበር ተናግረዋል። ሁለቱ ሥራዎች በስፋትም በውስብስብነትም አይወዳደሩም፤ ማወዳደርም አልፈልግም። ግን የ261 ሺህ ፓውንዱን ወጪ ብክነት ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማስታውሰው ያን ሁለት ሳምንት ነው።

በየአገልግሎቱ

ጎቭ ዩኬ ከተከፈተ በኋላ ልምዱ ደንብ ሆነ። የመንግሥት አገልግሎቶች መመሪያ እያንዳንዱ ሥራ በመጀመሪያ ጥናት፣ ቀጥሎ አልፋ፣ ከዚያ ቤታ፣ በመጨረሻም መደበኛ አገልግሎት በሚሉ ደረጃዎች እንዲያልፍ ያዛል። በአልፋ ደረጃ የተጻፈው ኮድ አብዛኛው እንደሚጣል ከመነሻው እንዲታወቅም ይመክራል። ብዙ አሠሪ የሚቸገርበት ነጥብ ይህ ነው። የሚሠራ ነገር አይቶ ለምን ይጣላል ይላል። የሚቀረው ዕውቀቱ ነው። ኮዱ በጥድፊያ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ ሕዝብ አይሸከምም፤ ይህንኑ ልጠቀምበት ብሎ የሙጥኝ ያለ ቡድን ደግሞ ስሕተቱን ለማረም እጁ ይከብዳል።

የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት በየመሥሪያ ቤቱ ላሉት ቡድኖች የፕሮቶታይፕ መሥሪያ አዘጋጀ። ፕሮቶታይፕ ኪት ይሉታል፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ዲዛይነሩ በጥቂት ኮድ እውነተኛውን ጎቭ ዩኬ የሚመስሉ ገጾች ይሠራበታል። ተጠቃሚው የሞላው መልስ ከገጽ ወደ ገጽ ይከተለዋል፤ መጨረሻ ላይ የሞላውን ሁሉ መልሶ ያሳየዋል። ከእውነተኛው ጋር መመሳሰሉ አደጋም አለው፤ አላፊ አግዳሚው እውነት መስሎት የግል መረጃውን ሊሞላበት ይችላል። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ሲወጣ በይለፍ ቃል እንዲዘጋ ይደረጋል። አልፋው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሙከራ ነኝ ብሎ ተናገረ፤ የየአገልግሎቱ ፕሮቶታይፖች ደግሞ ተዘግተው ለተጋበዙ ሰዎች ይታያሉ። ሁለቱም እንደየቦታቸው ትክክል ናቸው።

የሞላው መልስ ይከተለዋል ያልኩት ቀላል ነገር አይምሰል። በሥዕል ላይ የስም ሳጥን ውስጥ ዲዛይነሩ የመረጠው ስም ተጽፎ ይቀርባል፤ አጭር፣ ልክክ ብሎ የገባ። በፕሮቶታይፕ ላይ ግን ሰው የራሱን ስም ይጽፋል። ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ነው እጁ የሚቆመው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እርሱ ያለው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም ነው። የአያቱን ቢጽፍ ልጁ የሚጽፈው ሌላ ይሆናል፤ ባለቤቱም በራሷ አባት ስለምትጠራ አንድ ቤት ያሉ ሦስት ሰዎች ሦስት የቤተሰብ ስም ይዘው ይመዘገባሉ። የጎቭ ዩኬ የዲዛይን መመሪያ ሙሉ ስምን በተቻለ መጠን በአንድ ሳጥን መቀበልን ይመክራል፤ የሰው ስም በሁሉም ዘንድ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እንደማይቀመጥ ተረድቷልና።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ሲጫኑት የሚዘረጋ የዓመታት ዝርዝር በሥዕል ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ኮምፒውተር ያልለመዱ ሰዎች ፊት ሲቀርብ ግን አንዳንዱ ዝርዝሩን ከከፈተው በኋላ መዝጋት አቃተው፤ አንዳንዱ ውስጡ ሊጽፍበት ሞከረ፤ ሌላው የተመረጠውንና ገና ዐይኑ ያረፈበትን መለየት ተሳነው። አሁን መመሪያው ሰው ለሚያስታውሰው ቀን ሦስት ባዶ ሳጥኖችን ይመክራል፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሰው ይጽፍባቸዋል። ልደቱን በእኛ አቆጣጠር የሚያውቅ ሰው እዚያም ቆም ብሎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመሩ አይቀርም፤ ለእርሱ የሚበጀው ምን እንደሆነ ሳጥኑ ፊት አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። እኛ ለአገራችን ሰው ስንሠራ ይህን ለማየት ለንደን መሄድ የለብንም።

በ2011 በር ላይ የቀሩት ሰዎች ዛሬ እዚህ ገብተዋል። ኪቱ የሚሠራባቸው ሳጥኖች፣ ቁልፎችና የስሕተት መልእክቶች ጽሑፍን በድምፅ ከሚያነቡ ፕሮግራሞች ጋር አስቀድመው የተፈተኑ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቡድን በዚህ ሳምንት የጀመረውን ረቂቅ በሚቀጥለው ሳምንት ማየት ለተሳነው ሰው ማቅረብ ይችላል። ሰውየው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ኪቦርዱን ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ጥያቄውን ያነብለታል፤ ይመልሳል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ የራሱ ስም ሲነበብ ይሰማል። አጠገቡ የተቀመጠው ዲዛይነር የትኛው ቃል ላይ ሁለት ጊዜ እንደተመለሰ በማስታወሻው ይጽፋል፤ ከሰዓት በኋላም ያንን ቃል ይለውጠዋል።